ከምግብ በኋላ

ድሬሰር ፋንታ ሞጣ ከተማ ስድስት ዓመት ቁስል ሲያጥብ ኖሮ በ1973 ዓ.ም. ቢቸና አጠገብ ወዳለች የገጠር ክሊኒክ ተዛወረ። እጁ ንጹሕ፣ ሥራው ጥንቁቅ ነው፤ መቀሱን ሃያ ደቂቃ ሳያፈላ አይነካም። የእትዬ ይርጋነሽ እግር ግን ግራ አጋባው።

እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው ስቶ ቅልጥማቸውን መትቷቸው ነው የመጡ። አጠበ፣ አሰረ፣ ሃያ አንድ ኪኒን ቆጥሮ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» አላቸው። በሳምንቱ ሲመለሱ ቁስሉ ብሷል። መግል ቋጥሯል፤ ቅላቱ ወደ ጉልበት ወጥቷል። ጉልበት ካለፈ ሆስፒታል ተልከው እግሩ መቆረጡ ነው።

ፋንታ የኪኒኑን ቆርቆሮ ገልብጦ ቀኑን አየ፤ አላለፈበትም። ውሃውን ጠረጠረ። ፋሻውን ጠረጠረ። መጨረሻ ላይ የገዛ እጁን ጠረጠረ።

«ኪኒኑ አለቀ እንዴ፣ እትዬ?»

«ምኑ ያልቃል ልጄ!» የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱት። አሥራ አራት ፍሬ ቁጭ ብሏል።

«ምነው! በቀን ሦስት አላልኩዎትም?»

«ከምግብ በኋላ አልከኝ። በሁዳዴ ቅዳሴ ሲወጣ አንዴ ነው የምቀምስ። የቀረውን ምግብ ከየት ላምጣው?»

ፋንታ ፍሬዎቹን ዳግም ቆጠረ፤ በሰባት ቀን ሰባት ብቻ ጎድሏል። እሱም ጿሚ ነው፤ ጋዋኑን ሲለብስ ጾሙን መስቀያው ላይ ሰቅሎት ይሁን፣ አላወቀም። ሦስቱን ባንዴ ይዋጡ እንዳይል ጨጓራቸውን ፈራ። ጠዋት ይዋጡ ቢል ጾም አስፈታ ይባላል።

«እንግዲያ መርፌ ልውጋዎት።»

«መርፌስ ጾም አይሽርም?»

«ይህንንስ የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ።»

በማግስቱ እትዬ የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደ ኪዳንን አስከትለው መጡ። አባ መርፌውን አይተው «ይህስ በአፍ አይገባ፣ ይወጋት» አሉ፤ ኪኒኑንም አንስተው አገላበጡት።

«ይኸ መድኃኒት እንጂ ምግብ ነው? ለታመመ ማን ከለከለ?»

«ይኸው እሱ ነዋ! ከምግብ በፊት እንዳልነካው ያደረገኝ!» እትዬ በጣታቸው ፋንታን አሳዩ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ አባ። ማንኛቸውን እንዳሉ ፋንታ አልገባውም።

መርፌውን በየቀኑ ወጋቸው። በአምስተኛው ቀን ቅላቱ ወደ ታች ተመለሰ፤ እግሩ ተረፈ። ፋንታ ግን አልተረጋጋም። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ በዚያው «ከምግብ በኋላ» በሚል ቃል የሸኛቸውን ከመዝገቡ ቢቆጥር ሰማንያ ሦስት ሆኑ። ስማቸው አለ፤ አገራቸው አልተጻፈም። ቅዳሜ ገበያው መግቢያ ላይ ቆሞ መልኩን ያወቀውን ሁሉ ይይዝ ጀመር።

«በቀን ስንቴ ነው የሚበሉ?»

«ኧረ ድሬሰሩን ምን ነካው!» እያለ ሰዉ ያልፈዋል።