ስንት ጊዜ ያልተባለው መስመር

ኮርኒ ፍሪሰን ሕመምተኞችን ወደ ሆስፒታል በሚያመላልሰው መሥሪያ ቤት ስልኩን ያነሳው ሌላ የሚያነሳ ሰው ስለጠፋ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የኮምፒውተር ኮድ ሲጽፍ ኖሯል፤ አሁን ኮዱም፣ ሰውም፣ የካናዳዋ ዊኒፔግ ብርድም ሰልችቶታል።

«ልጄ፣ ካፖርቴን ለብሼ ከቆምኩ አንድ ሰዓት ሆነኝ። ቫኑ የት ገባ?»

ወይዘሮ ኦልጋ ሃሪሹክ ናቸው፤ ኩላሊታቸው ደክሞ በየሳምንቱ ደማቸውን በማሽን ሊያስጣሩ በመሥሪያ ቤቱ ቫን የሚመላለሱ አሮጊት። ኮርኒ የዕለቱን ዝርዝር ከፈተ። ስማቸው የለም። ክው አለ።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ሆስፒታሉ ትእዛዙን የሚልከው በአንድ መስመር ነው፤ ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየስንት ቀኑ፣ በእዝባር (/) ተለይቶ። የመጀመሪያው ቦታ ባዶ ከሆነ ምልልሱ ማቆሚያ የለውም ማለት ነው። ኮርኒ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ትእዛዙን የሚያነበውን አዲሱን ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የኮድ ቋንቋ ሲጽፍ፣ ፕሮግራሙ ባዶው ቦታ ላይ እየቆመ ሲያስቸግረው «ለጊዜው» ብሎ «1» እንዲሞላበት አደረገና ረሳው። ስለዚህ ቫኑ ባለፈው ሳምንት አንዴ ሄደ፤ ዛሬ ቀረ። እንዲህ የቀሩት ሠላሳ አንድ ሕመምተኞች ናቸው።

ስልኩን ሳይዘጋ ለሁሉም ሹፌር አስላከ። አለቃው ሎሬይን መጥታ ከኋላው ቆመች።

«ባዶው ላይ ሁሉ ሃምሳ ጻፍበትና ገላግለን። ለጊዜው ዓመቱን ያደርሰናል፤ አንተም በጊዜ ቤትህ ትገባለህ።»

አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኮዱን ማስተካከል ግን ቀኑን ሙሉ ይበላል፤ ኮርኒ ደግሞ ደክሞታል። ከሃሪሹክ ጀምሮ ሃምሳ ጻፈ።

«ሃምሳ ሲባል ሰማሁ» አሉ ወይዘሮ ኦልጋ በስልኩ። «የእኔ ነው?»

ኮርኒ አፈረ። «አሁን የጻፍኩት ነው። ሆስፒታሉ የላከው ባዶ ነበር።»

«ባዶ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማቆሚያ የለውም ማለት ነው፣ እማማ።»

አሮጊቷ ሳቁ፤ ሳቃቸው በሳል ተቋረጠ።

«ሐኪሜ የቀረልኝን ሳምንት ቁጥር ነግሮኛል፤ ከሃምሳህ በጣም ያንሳል። እስቲ አንድ ቦታ እንኳ ሳልቆጠር ልቅር። ባዶውን ተወው፣ ልጄ።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። «መጣልኝ!» ብለው ዘጉ።

ኮርኒ ሃምሳውን አጠፋው።

«ሎሬይን፣ እኔ ዛሬ አመሻለሁ» አለና ኮዱን ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረ።