ወደ ፏፏቴው የወጣው ጭኮ

ሚኒሶታ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው መኪናን እንደ ብል ይበላል። ስለዚህ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ ብሩክሊን ሴንተር ያለው መኪና ማጠቢያ ሄዶ መሰለፍ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ውሃው ጣሪያውን ሲደበድበው፣ ልጄ በደንብ ባልዘጋችው መስኮት በኩል ብናኙ ገብቶ አንገቴን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነው። ጩኸቱ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ዓይኔን ጨፍኜ ደገፍ አልኩ።

«ማም፣ አር ዩ ኦኬይ?» አለችኝ ልጄ ከኋላ።

«ደህና ነኝ፤ መስኮቱን ዝጊ!» አልኳት። እንዴት ብዬ ላስረዳት? እኔ መኪና ማጠቢያ ውስጥ አልነበርኩም። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ ዋዮሚንግ ነኝ፣ ተራራ ላይ ነኝ፣ ርቦኛል።

አባቴ ያኔ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከቫኬሽን የተመለሰ ተሳፋሪ ካሜራውን አውጥቶ የፏፏቴ ፎቶ ያሳየዋል። ከእኛ ወደ ምዕራብ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ፣ ተራራ ላይ ያለ ናሽናል ፓርክ ውስጥ ነው፤ አገር ምድሩ ሊያየው ይጎርፋል። አባቴ ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «እንሄዳለን» አለ። እሱ እኮ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቅዳሴ እንኳ የመኪና ቁልፉን በእጁ ይዞ ነው የሚያስቀድሰው። «ጤናህ ነው?» ልለው ምንም አልቀረኝም።

«እዚያ ማን አለ?» አለችው ሚስቱ።

«ማንም የለም። ፏፏቴ ነው።»

«ዘመድ የለም? ገዳም የለም?»

«የለም አልኩሽ! ሃይክ አድርገን፣ በእግራችን ወጥተን እናየዋለን።»

«ውሃ ለማየት ከሆነማ ና ቧንቧውን ልክፈትልህ» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

ሚስቱ ያልኩት አውቄ ነው። ያኔ በልቤ የምጠራት እንደዚያ ነበር፦ የአባቴ ሚስት። በአፌማ ምንም ብዬ አልጠራትም። የአሰላ ሰው ናት፣ ነፍሷን ይማረውና፤ ሳቂታ፣ ድምፀ ወፍራም፣ ስትራመድ ወለሉ የሚሰማት። እናቴ ካረፈች ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ አገር ቤት ሄዶ አገባት፤ በጥቅምት ገባች። ወዲያው ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ሁለቱ በኦሮምኛ እያወሩ ሲስቁ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። እኔ ኦሮምኛ አልናገርም እንጂ እሰማለሁ፤ መስማቴን ግን ለማንም አልነገርኩም ነበር።

ለምን እንዳኮረፍኩ ልንገራችሁ። እናቴ በታመመች ጊዜ፣ እንደማትድን ሲገባት መሰለኝ፣ ወጥ እየሠራች ባዶ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ እየጨመረች ፍሪዘሩን ሞላችው። ከሞተች በኋላ ለወራት እሱን በላን። የመጨረሻውን ዕቃ ያሞቅን ቀን እኔና አባቴ ቀስ ብለን በላን፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው እጅ ከቀመስኩ የእናቴ ከአፌ ላይ የሚጠፋ መሰለኝ። ሞኝነት ነው በሉኝ፤ እኔ ግን ከልቤ ፈርቼ ነበር።

ስለዚህ የአባቴ ሚስት ወጥ ስታወጣ እኔ ሲሪያል እበላለሁ። ዶሮ ስትሠራ ፒዛ አሞቃለሁ። «በልቻለሁ»፣ «አልራበኝም»፣ «ሆዴን አሞኛል»። እንጀራ እናት ይላል አማርኛ፤ እኔ እንጀራዋን አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም። እሷ ግን አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ድርሻዬን በሳህን ታወጣለች፣ በሌላ ሳህን ትከድነዋለች፣ በማግስቱ ራሷ ትበላዋለች።

የምንነሳበት ቀን ሲቃረብ አንድ ጠዋት ገብስ ትቆላ ጀመር። ለመንገድ ጭኮ ልትሠራ ነው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ፣ ብዙ ቀን የማይበላሽ ስንቅ። የሰኔ ጾም ተፈትቷልና ቅቤውን አልሰሰተችለትም። ቤቱ በገብስ ሽታ ታፈነ፤ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ጮኸ፤ አባቴ ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ ያራግበዋል። እሱ እያራገበ ሳለ ነው በኦሮምኛ የነገረችው።

«ልጅቷ ከእጄ አትበላም። ከእጄ የማይበላ ሰው ባለበት ቤት እኔ እንግዳ ነኝ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ልየው። ካልሆነ ሲያትል ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፤ ቅር አይበልህ።»

«ልጅ ናት፤ ታገሻት።»

«ታገስኩ'ኮ። እሷም ታግሳኛለች፣ ምስኪን።»

ኮሪደሩ ላይ ካልሲዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? አላለኝም። ትዝ ያለኝ የአባቴ ሳቅ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እሱ ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት ይህቺ ሴት ከገባች በኋላ ነው። ብትሄድ ያ ጸጥታ ተመልሶ ሊመጣ ነው። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ግን አፌን መክፈት አቃተኝ። ኩርፊያ ሲቆይ መውጫው ይጠፋል፤ ያኮረፈ ሰው ያውቀዋል።

የሄድነው በአባቴ በራሱ ታክሲ ነው፤ ጣሪያው ላይ መብራቱ እንዳለ። ደቡብ ዳኮታ ላይ መንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ሰማዩ ጫፍ የሱፍ አበባ ሆነ።

«ይሄ ሁሉ ሱፍ የማን ነው?» አለችው ሚስቱ።

«የአንድ ሰውዬ።»

«ብቻውን?» ብላ፣ ማን ያጭድለታል፣ ማን ያበጥርለታል እያለች እስከ ዋዮሚንግ ለሰውየው አዘነችለት። ፓርኩ ደርሰን መኪና ስናቆም አንድ ሽማግሌ የኋላውን በር ከፍቶ ሊገባ አለ። አባቴ ከልማዱ የተነሳ «ዌር ቱ፣ ሰር?» ሲል ሦስታችንም በሳቅ ፈነዳን። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ።

መንገዱ ዳገት ነው። ጥዱ ይሸታል፣ ፀሐይ የመታው አቧራ ይሸታል። ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መሀል እየተቆራረጠ መሬት ላይ ይወድቃል። ፏፏቴው ገና አይታይም፤ ከላይ ብቻ ይሰማል። ሰዉ ደግሞ የጥምቀት ሕዝብ ነው የሚመስለው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ልጅ ያዘለ፣ ውሻ የሚጎትት። እሷ ረጅም ቀሚሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ለመንገዱ የተገዛላትን ስኒከር ተጫምታ፣ የጭኮውን ዕቃ በፌስታል አንጠልጥላለች።

ግማሽ ላይ አባቴ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ ጉልበቱን ያዘ። «ታክሲ በላው'ኮ ይሄን ጉልበት። እናንተ ሂዱ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ።» እውነት አሞት ይሁን ሆን ብሎ ይሁን እስከ ዛሬ አልነገረኝም። አሁን አርጅቶ ሶፋዬ ላይ ሲያንጎላጅ ስጠይቀው «የቱን ጉልበት?» ይለኛል።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ትንፋሿን እሰማለሁ። ያደርንበት ሞቴል ቁርስ ላይም አኩርፌ ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም።

«አረፍ እንበል እስቲ» አለችና የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ዕቃውን ስትከፍተው የቅቤውና የኮረሪማው ሽታ ጥዱን አስረሳው። «ቅመሺ፣ የኔ እናት።»

«አልራበኝም» አልኩ። ሆዴ በዚያው ቅጽበት ጮኸ።

እሷ አልተጫነችኝም። ግን ሰው እያያት ብቻዋን መብላት የሚባል ነገር በደሟ የለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲያልፍ «እንብላ» ይባላል፤ አላፊውም «ይባረክ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እሺ እንኳ ቢል ተለምኖ፣ ተለምኖ፣ በስንት መሐላ ነው። ይሄን ወግ አሜሪካን ማን ያስተምረው! «ኢት! ፕሊስ፣ ኢት!» ስትል አንድ ጢማም ወጣት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሪሊ?» አለ፤ ተቀመጠ፤ ቆርሶ ጎረሰ። ዓይኑ ፈጠጠ። ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ሚስቱን ጠራ። ከላይ የሚወርድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ቆመ። ነጭ ፀጉር ያላት፣ በሁለት ምርኩዝ የምትወጣ አሮጊት መጣች፤ እሷም ምርኩዞቿን እኔን አስይዛ ጎረሰች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የአባቴ ሚስት ግን ፊቷ እንደዚያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም። አሜሪካ ከገባች ጀምሮ እጇን ይህን ያህል ሰው ቀምሶላት አያውቅም ነበርና ነው። «ብሉ! ብሉ፣ ልጆቼ!» እያለች በአማርኛ ታጎርሳቸዋለች፤ እነሱም ይጎርሳሉ፤ ማን ተርጓሚ ፈለገ?

ከዚያ ወጣን። የመጨረሻውን ጥምዝ ስንዞር ፏፏቴው በአንድ ጊዜ ፊታችን ቆመ። ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ከገደሉ አናት ተወርውሮ ታች ያሉት ዐለቶች ላይ ይፈርጣል። ብናኙ ፊትን፣ ፀጉርን፣ ልብስን ያርሳል። ሰው ሁሉ አፉን ሲያንቀሳቅስ ታያለህ እንጂ ድምፁን አትሰማም።

ባለምርኩዟ አሮጊት ደርሳ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ያ የበላነው ምን ይባላል? ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች።

«ጭኮ» አልኳት።

ማር አለበት? አላውቅም። ቀረፋ አለበት? አላውቅም። በስተመጨረሻ ጉሮሮን ሞቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ኧረ አላውቅም!

«ዩር ማም ሜድ ኢት፣ ራይት?»

እናቴ አይደለችም አላልኳትም። በዚያ ጩኸት ውስጥ ያን ሁሉ ታሪክ ማን ያወራል። አሮጊቷም ራሷ ትነግረኝ ገባች። መጀመሪያ የተቆላው እህል ጣዕም ነው የሚመጣው አለችኝ፤ ቀጥሎ ቅቤው ይቀልጣል፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ይቀራል። «ዩ አር ሶ ላኪ»፣ ታድለሽ፣ ብላ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች።

የቤቴን ምግብ ጣዕም መንገድ ላይ ያገኘኋት ፈረንጅ ነገረችኝ! ቀናሁ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ቀናሁ። ደግሞ ራበኝ፣ የወራት ረሃብ ነው የራበኝ።

የአባቴ ሚስት መከላከያው አጥር ጋ ቆማ ውሃውን ታያለች፤ ነጠላዋ ረጥቦ ፀጉሯ ላይ ተጣብቋል። ሄጄ ጆሮዋ ሥር ጮህኩ።

«ለእኔም ስጪኝ!»

«ምን?»

«ጭኮ! ጭኮ ስጪኝ!»

ፊቷ በራ። ፌስታሉን በሩጫ ፈታች፣ ክዳኑን አነሳች፤ ያ የበራ ፊት ወዲያው ጠፋ። ዕቃው ባዶ ነው።

«ወይኔ ጉዴ!» ደረቷን መታች። «አገር ምድሩን አብልቼ ለልጄ ሳላስቀር! ወይኔ! አትበላም ብዬ'ኮ ነው!» ዕንባዋ መጣ። እዚያ ቦታ የሰው ሁሉ ፊት ርጥብ ስለሆነ ማንም ልብ አላላትም። እኔ ግን አየኋት።

ቁጢጥ አለች። ዕቃውን ጉያዋ ውስጥ ይዛ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ትፍቅ ገባች፤ ታቹን፣ ማዕዘኑን፣ ጠርዙን። የሰበሰበችውን በጣቶቿ ጨብጣ ባቄላ የምታህል አደረገቻት።

«አ በይ።»

አልኩ። ገብሱ መጣ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ አሮጊቷ እንዳለችው። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ፤ የእናቴ አሁን ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠፋም። እዚያው ነበር። እንግዳ ሲመጣ እንደሚደረገው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ እንጂ የትም አልሄደም። ያኔ ነው እኔም ያለቀስኩት። አሁን ሁለቱም የሉኝም።

ልትነሳ ስትል ትዝ አላት። «አይሆንም፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብላ ክዳኑን ገለበጠችው፤ ክዳኑ ላይ የተጣበቀች ፍርፋሪ አገኘች። እሷን ስታጎርሰኝ ጣቷን ነከስኳት።

«ቀስ! ጣቴ ነው እሱ!» አለች እየሳቀች፣ እያለቀሰች።

ስንወርድ መንገዱ ጠባብ በሆነበት ሁሉ እጄን ያዘችኝ፤ ሰፊ በሆነበትም አልለቀቀችኝም። አባቴ ያው ድንጋይ ላይ ነበር። ከሩቅ ሲያየን ብድግ ብሎ መጣ፤ ጉልበቱ ትዝም አላለው።

«እህሳ! ፏፏቴው እንዴት ነው?» አለ እኔን እያየ።

ልመልስለት ስል እሷ ቀደመችኝ።

«በላች» አለችው።

አባቴ ስለ ፏፏቴው ደግሞ አልጠየቀም። ኮፍያውን አውልቆ ወደ ዛፎቹ ዞረ። ከዚያ «በሉ እንውረድ» ብሎ ባዶውን ፌስታል ከእጇ ተቀበላት።