ስሙ የተላጠ ብልቃጥ

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። የበደለኝም እናታችን በታመመችበት ዓመት፣ ጎረቤታችን የገናን ፆም በያዙበት ሰሞን፣ መርሳ ከተማ ባለው የእናታችን ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሰው ልትገድል የነበረችው እሷ ናት» አለ። ዛሬም በየለቅሶ ቤቱ ያንኑ ይናገራል አሉ። እሱ ሲያወራው ኖሯል፤ እኔ ደግሞ እጽፈዋለሁ።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። ወደ እናቴ ቤት የተመለስኩት ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ለምን እንደተመለስኩ የማንም ጉዳይ አይደለም። ወንድሜ አስፋልቱ ዳር ሱቅ አለው፤ የእናታችንን ነገር ሁሉ ለእኔ ጥሎ ትእዛዙን ብቻ ለራሱ አስቀረ። «አንቺ እቤት አይደለሽ?» ይለኛል። ይቺ ቃል ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች።

ያ ቤት ግን ይናፍቀኛል። ከጓሮው የመስኖ ቦይ ያልፋል። የውሃ ተራችን ሲደርስ እናቴ ቀሚሷን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ፣ በዶማ አፈሩን ገለጥ ስታደርግለት ውሃው እየተጣደፈ ፓፓያውና ሎሚው ሥር ይገባል። ያ የራሰ አፈር ሽታ ከሌላ አገር አላገኘሁትም። ወደ ግራና ከተማ ገበያ ፓፓያ ይዛ ስትወርድ ግማሹን ሸጣ ግማሹን ላገኘችው ታድላለች። «ሸጥሽ ወይስ ሰደቃ አወጣሽ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ከጎረቤታችን ከአሮጊቷ ጋር የሚለየን የቅንጭብ አጥር ነው። አጥሩ መሐል ሰው አጎንብሶ የሚያልፍበት ክፍተት ነበረው። እኛ እስላም ነን፣ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ከሥጋ በቀር በዚያ ክፍተት ያላለፈ ነገር የለም፤ ጨው፣ ፍም፣ ወሬ፣ የታመመ ሕፃን። ጠዋት ጠዋት «አንቺዬ፣ ነቃሽ?» የሚል ድምፅ ከዚያ ማዶ ይመጣል። እናቴም «ሞቼ ላሳርፍሽ ነበር፣ አላህ አልፈቀደም» ትላለች። ልጅነቴ በዚህ ድምፅ የነጋ ነው።

በኋላ እናቴ ወገቧን ታመመች። ወልድያ ወስደን አስመረመርናት። ሐኪሙ እሷን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ እኔንና ወንድሜን ለብቻ አስገባን። ካንሰሩ ከማኅፀኗ አልፎ አጥንቷ ውስጥ መግባቱን፣ ከእንግዲህ የሚቻለው ሕመሟን ማስታገስ ብቻ መሆኑን ነገረን። ስንወጣ እናቴ አጠገቧ ለተቀመጠች የማታውቃት በሽተኛ ብርቱካን እየላጠች ታጎርሳለች።

ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። «ትንፍሽ እንዳትይ። ለሰው የራሱ መርዶ አይነገርም። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ። በአገራችን እንዲህ ነው፤ ዘመድ ሁሉ የሚያውቀውን በሽተኛው ብቻ አያውቅም።

ፋርማሲ ውስጥ ያለችው ልጅ ብልቃጡን ይዛ በደንብ አስረዳችን። «ይሄ ሞርፊን ነው። እስኪያማቸው ሳትጠብቁ በየሰዓቱ ስጧቸው። ሆድ ያደርቃል፣ ለዚያ ይሄኛውን ጨምሩላቸው። እንቅልፍ ከበዛባቸው ወይ ትንፋሻቸው ከዘገየ ፈጥናችሁ አምጧቸው። ደግሞ በቁልፍ ይቀመጥ። ለእሳቸው የተለካው ለሌላ ሰው መርዝ ነው፤ አንድ ፍሬም ቢሆን ለማንም እንዳትሰጡ።» ወንድሜም ከጎኔ ቆሞ ሰምቷል። ይህ ይታወቅልኝ።

ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍ እናቴ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። ወንድሜ ብልቃጡን ከቦርሳዬ አወጣና ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ምራቅ እየቀባ በጥፍሩ ይልጠው ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ልጆቼ ማንበብ ይችላሉ። የሆድ ኪኒን ነው በያት።»

ስሙ ተላጠ። ቤት ስንደርስ ሳንዱቄ ውስጥ ከተትኩና ቆለፍኩበት። በማግስቱ መጥቶ ስከፍት አየኝ። «የሆድ ኪኒን በቁልፍ? እናትሽ ሞኝ መሰለችሽ? ትጠረጥራለች!» የፋርማሲዋ ልጅ ያለችውን ሳስታውሰው፣ «እሷ እናቴን ታውቃታለች?» ብሎ ብልቃጡን በገዛ እጁ ወስዶ ከእናቴ ራስጌ መስኮቱ ላይ አኖረው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ከሁሉ ይበልጥ የሚናፍቁኝ ናቸው። በየሰዓቱ እሰጣታለሁ፤ ሕመሙ ለቀቅ አደረጋት። ሎሚው ሥር ምንጣፍ አነጥፍላትና መንዙማ ታንጎራጉራለች። ከውርጌሳ ሙሽራ ሆና ስትመጣ በቅሎዋ መንገድ ላይ አልሄድ ብላ ሚዜዎቹ እንዴት እንደተሳደቡ እየነገረችኝ እስክታነባ ትስቃለች። «ምነው ይቺ የሆድ ኪኒን ወገብም ታውቃለች እንዴ!» ስትለኝ ፊቴን ወደ ቦዩ አዞርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ዱቄቱን ተሸክሜ ስመለስ የጎረቤታችን ምራት እየጮኸች ነው። ሮጬ ገባሁ። አሮጊቷ መደብ ላይ ተዘርግተዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ትንፋሻቸው አንዴ ይመጣና ይጠፋል። ቢጠሯቸው፣ ቢወዘውዟቸው አይነቁም።

እናቴ በክፍተቱ አጎንብሳ፣ በከዘራ ተደግፋ መጣች። «ጉልበቴ ቆረጠኝ ብላ ስታለቅስ ሁለት ሰጠኋት። ‹ፆም ላይ ነኝ› ብትለኝ ‹ቅቤ የለበትም፣ ዋጫት› አልኳት። እኔን ያሻለኝን ለሷ ልንፈጋት?»

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ባለሙያው ምን እንደዋጡ ሲጠይቅ ጆሮው ሥር ሄጄ የመድኃኒቱን ስም ነገርኩት። መርፌ ወግቶ በአምቡላንስ ወልድያ ላካቸው። እዚያ ነቁ፤ ተረፉ።

መትረፋቸው በተሰማ ዕለት የአሮጊቷ ልጆች ሽማግሌ ይዘው ደጃችን ቆሙ። ወንድሜም ከሱቁ መጣ።

«መድኃኒቱን የሚይዘው ማን ነው?» አለ የመጀመሪያ ልጃቸው።

«እኔማ ሱቅ ነው የምውለው» አለ ወንድሜ። «እሷ ናት የምትይዘው። እቤት የተቀመጠችው ለምን ሆነና? ሰው ልትገድል የነበረችው እሷ ናት!»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ግን ከመጋረጃው ኋላ ተኝታ ትሰማለች። ወረቀቱን ማን እንደላጠው፣ ከቁልፉ ማን እንዳወጣው ብናገር «ለምን?» ይሉኛል፤ ያን ጊዜ የበሽታው ስም ይወጣል። ይህን እሱም ያውቃል። በመሐላዬ ላይ ቆሞ ነው የከሰሰኝ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

«ምን ትበል፣ አፍራ ነው» ብሎ ወንድሜ መለሰልኝ።

ብልቃጡንም ኪሱ ከተተ። «ይሄ ነገር ሁለተኛ እዚህ ቤት አያድርም። ሲያማት ላኪብኝ።» በማግስቱ ብልክበት ሱቁ ዝግ ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ወልድያ ሄዷል፤ ስልኩም አይሠራም። ሕመሙ በአንድ ጊዜ ተመለሰባት። እናቴ ጥርሷ መሐል ነጠላዋን አድርጋ ግድግዳውን በጥፍሯ ትቧጥጣለች። ላቧን ስጠርግላት፣ «ያቺን የሆድ ኪኒን ስጪኝ እንጂ። ወይስ ያቺ ጎረቤቴ ጨረሰቻት?» ብላ ልትስቅ ሞከረች። ሳቁ መሐል ላይ ጩኸት ሆነ።

እዚያው ተቀምጬ ነገርኳት። «እማ፣ የሆድ ኪኒን አይደለም» ብዬ ጀመርኩ፤ የበሽታውን ስም፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ወረቀቱንና ቁልፉን ሁሉ ነገርኳት።

 «የእኔስ እሺ፤ መሄዴ አይቀርም» አለች። «ጎረቤቴን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር እኮ! ብታሳውቁኝ ኖሮ እሰጣት ነበር? እኔን የልጅ ዕቃ አድርጋችሁ…» ቀጥላ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። «ሂጂ። የእናቴ ነው በይና አምጪ።»

ስደርስ ወንድሜ ተመልሶ ለስላሳ በሣጥን ያወርዳል። ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ በባትሪና በከረሜላ መሐል ተቀምጧል። ማንም ሕፃን ሊያነሳው ይችል ነበር።

«ነገርሻት?» አለኝ ፊቴን አይቶ።

«ነገርኳት።»

«ወላሂ ብለሽ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። መሐላዬን ስላፈረስኩ እፆማለሁ። መድኃኒቱን ስጠኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አለና ክንዱን አጣምሮ ቆመ።

በባንኮኒው ዞሬ ገብቼ አነሳሁት። ሊገዛ የቆመ አንድ ሾፌር፣ «ኧረ ሱቅህን ወረሰችህ!» ብሎ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም።

ጎረቤታችን ከወልድያ ሲመለሱ እናቴ ራሷ በአጥሩ ክፍተት ጠርታ ምን እንዳጎረሰቻቸውና እሷን ምን እንደያዛት ነገረቻቸው። እሳቸውም አብረዋት አልቅሰው፣ «እኔ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም፤ ሞት እንደሱ ከሆነ አትፍሪ» አሏት። ሁለቱም ሳቁ። ልጆቻቸው ግን ይቅርታ አልጠየቁኝም። ወንድሜም የተናገረውን አላነሳም።

እናቴ ረመዳን ሊገባ ሲል ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ ግን መድኃኒቷን በሰዓቱ ሳትወስድ የቀረችበት ቀን አልነበረም። ከሰደቃው በኋላ የተረፈውን ኪኒን ወልድያ ወስጄ ለፋርማሲው መለስኩ። ለመሐላዬ ፆምኩ። ሐራ ከተማ ቤት ተከራይቼ ገባሁ። ወንድሜ ልጁን ሲድር ሰው ላከብኝ፤ አልሄድኩም።