ለጫልቱ በቀለ የላክሁት ኢሜይል

ሐሙስ ጠዋት ከአምቦ መናኸሪያ ወደ ሸነን በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የመምህራንን የማስተርስ ዕድል የማስተባብረው እኔ ነኝ። ፈተናውን በአንደኝነት ያለፈችው ጫልቱ በቀለ እስከዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ "እቀበላለሁ" ብላ በኢሜይል ካልመለሰች ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ስልኳ ደግሞ ከሳምንት በላይ ዝግ ነው።

ከመነሳቴ በፊት የኮምፒውተር ባለሙያችንን "ምናልባት አልደረሳት ይሆን?" አልሁት።

"አድራሻው ስህተት ቢሆን ተመልሶ ይመጣልህ ነበር" አለኝ። "ከአት ምልክቷ (@) በኋላ ያለው ወደ የትኛው ሰርቨር፣ ደብዳቤ ወደሚቀበለው ኮምፒውተር፣ እንደሚሄድ ይናገራል፤ ከፊቷ ያለው እዚያ የማን ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ። አልተመለሰም፣ ስለዚህ ገብቷል።"

ጉደርን አልፈን ወደ ደጋው ወጣን። ጥቁር እንጭኒ ላይ ትኩስ ፍርፍር በላሁ። ከዚያ ወዲያ ጉም፣ በየጓሮው እንሰት፣ መንገዱ ላይ ጭቃ ነው፤ ሁለቴ ወርደን መኪናውን ገፋን። እኔን አራት ሰዓት የፈጀብኝን መንገድ ያ ደብዳቤ ባሕር ማዶ ዞሮ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ጨርሶታል። እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት።

ሸነን ወርጄ የኢሜይል አድራሻውን ለአንድ ሰው አሳየሁት። "ይሄማ የአዴ ሌንሴ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው" አለ። "ፎርም ስንሞላ ብዙዎቻችን እሱን ነው የምንሰጠው።"

አዴ ሌንሴ "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ!" ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበለችኝና የታተመ ደብዳቤዬን ከመሳቢያ አወጣች።

"ለየባለቤቱ አትሜ እሰጣለሁ። የእርስዎን ግን ለማን ልስጥ? ሁለት ጫልቱ በቀለ አሉን፤ ሁለቱም አስተማሪ፣ ሁለቱም የተፈተኑ። የአያት ስም አልጻፉም! ለአንዷ ሰጥቼ በኋላ ልንጠቃት? ጽፌ ጠየቅሁ፣ መልስ የለም።"

ስልኬን ከፍቼ ኢሜይሌ ውስጥ የማልፈልጋቸው ማስታወቂያዎች የሚጣሉበትን ክፍል አየሁ። ጥያቄዋ እዚያ ተቀምጧል። አፈርሁ።

የሞላችውን ፎርም ከቦርሳዬ አውጥቼ የአያቷን ስም አነበብሁ፦ ጉርሜሳ። "የኬሚስትሪዋ ናት!" ብላ አዴ ሌንሴ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።

ጫልቱ እጇ ላይ ጠመኔ እንዳለ መጣች። ሁለቴ አነበበችው፤ ከዚያ አለቀሰች። መልሱን እዚያው ጻፈች። ጣቷን ሳታነሳ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬ ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አጠገቤ ቆማ የላከችው ቃል ዓለምን ዞሮ ኪሴ ሲገባ ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ በላይ የገረመኝ ግን ሁለት ሴቶች እንዳያዝኑ ብላ አንድ ወረቀት ስትጠብቅ የከረመችው አዴ ሌንሴ ናት።

ዓርብ አምቦ ገባሁ። ኢሜይል ሣጥን ድረስ ያደርሳል፤ ሰው ዘንድ የሚያደርሰው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ የአያት ስም ያስፈልገዋል። ቢሮ እንደገባሁ ያለፈውን ዓመት ዝርዝር አወጣሁ። ባለመመለሳቸው "ፍላጎት የላቸውም" ብዬ በገዛ እጄ የሰረዝኳቸው አራት ሰዎች አሉበት። ለመጀመሪያው ደወልሁ፤ ስልኩ ጠራ።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?"

"ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የደወልሁት" አልሁ።