የሶሬቲ ሾላ

ሶሬቲ ቆሻሻ አትወድም። ቦሌ ቡልቡላ ደጇ ላይ ከቆመው ሾላ የለቀመችውን ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ሳትወለውል ገበያ አታወጣም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዚሁ ዛፍ ፍሬ ነው። ፍሬው ሲከፈት ግን ደቃቅ ተርቦች ይወጣሉና፣ ደንበኞቿ «ጾም ላይ ነን፤ ሥጋ ያለበት ሾላ አንበላም» እያሉ ያሾፉባት ነበር።

የመንግሥት ተባይ ማጥፊያ ሠራተኞች ለየቤቱ ዲዲቲ ሊረጩ የመጡ ዕለት፣ አንዱን ለምና ዛፉንም አስረጨችው። መረቀችውም።

ከዚያ በኋላ የወጣው ፍሬ ሳይበስል ረገፈ። ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገመዳ፣ ዛፉ አርጅቷልና ተቆርጦ ለአዳራሹ አግዳሚ ወንበር ይሁን አለ።

ሶሬቲ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋን ሉሊትን አማከረች። ሉሊት ከወንዙ ማዶ ካለው ሾላ ፍሬ ቆርጣ መጣችና በምላጭ ከፈለችው። የሾላ አበባ የሚያብበው እዚህ ውስጥ ነው አለቻት። ሴቷ ተርብ በፍሬው ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል፤ ከሌላ ዛፍ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት አራግፋ፣ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ወንዶቹ ልጆቿ ክንፍ የላቸውም፤ ለእህቶቻቸው መውጫ ቦርቡረው ውስጥ ይቀራሉ። ሾላውና ተርቡ ከትውልድ ትውልድ አንዱ ለሌላው እየተበጀ ስለኖረ፣ አንዱ ያለ ሌላው ዘር የለውም።

«እንግዲያ ያመከንኩት እኔ ነኛ» አለች ሶሬቲ።

«ዝም ይበሉ እማማ። የመንግሥት መድኃኒት ነው፤ ለዛፍ ማስረጨትዎን አሻጥር ይሉታል።»

ዝም ብትል ዛፉ ይቆረጣል። በማኅበሩ ስብሰባ ቀን ተነሥታ ሁሉንም ተናገረች፤ የረጨላትን ሰው ስም ብቻ አልጠራችም።

«ሾላ ተርብ አገባ በይና» አለ ገመዳ። ሰው ሳቀ።

«ያንተስ ዱባ ያለ ንብ ይይዛል?»

ገመዳ የንብ ቀፎ ነበረውና እንደማይይዝ ያውቃል። ዛፉ እስከ መስቀል ይቆይ ተባለ። መድኃኒቱን በማባከኗ ግን ከማኅበሩ ሱቅ ሳሙና እንዳትወስድ ተከለከለች። ለእሷ ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም።

የክረምቱ ዝናብ መድኃኒቱን ከቅርንጫፉ አጠበው። የማዶው ሾላ ተርቦች በነፋስ መጡ። መስቀል ሲቃረብ ፍሬው ሳይረግፍ ቀላ።

ገመዳ ሊያይ መጣ። ሶሬቲ አንዱን ለቅማ ከፈለችው፤ ተርቦቹ እጇ ላይ ተርመሰመሱ። ልማድ ሆኖባት የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ከዚያ ለቀቀችውና ፍሬውን እንዳለ ዘረጋችለት።

ገመዳ ተርቦቹን እፍ ብሎ በላው።