ሰባት ቁስለኞችና የላላ መሪ

ትእዛዙ የደረሰን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ቁስለኞች ጭነን ከኮረብታው ግርጌ ወዳለው የሕክምና ጣቢያ እንድንወርድ ተነገረን። እኔ የሻምበል ጦሩ የሕክምና ረዳት ነበርኩ። ሾፌሩም መካኒኩም አስር አለቃ ግርማ ነበር፤ በኋላ ባሌ የሆነው።

ያለን አንድ ትልቅ ፒክአፕ ነው። መሪው ላልቷል። ግርማ ቀጥ አድርጎ ቢይዘውም መኪናው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዋልላል። መንገዱ ደግሞ በአንድ በኩል ገደል ነው። ጠዋት ውሃ ይዘን ስንወጣ ከኋላ የተቀመጠው ወታደር ሙሉጌታ «አስር አለቃ፣ የሰከረው መኪናው ነው ወይስ አንተ?» ብሎት ስቀን ነበር። አራት ሰዓት ላይ ሙሉጌታ ራሱ ከቁስለኞቹ አንዱ ሆነ። የተመታው ሆዱን ነው።

ግርማ ቸኮለ። የመሪው ሳጥን ላይ ያለችውን ብሎን አጠበቀና ተነሳን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሪው ደርቆ አልመለስ አለ። ፍሬን ይዞ አቆመ። የፊት ጎማው ገደሉ ውስጥ ሊገባ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር። ከሩቅ የመድፍ ድምፅ ይሰማል።

ወርዶ ብሎኗን ወደነበረችበት መለሳት። ከዚያ እኔን መሪው ላይ አስቀምጦ ከመኪናው ስር ተኛ። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ሳታቋርጪ» አለኝ። እሱ መገጣጠሚያዎቹን በየተራ በእጁ ይጨብጣል። የሚፈልገው አንዱ ጫፍ ሲንቀሳቀስ ሌላው የሚዘገይበትን ነው። አገኘው። ከሳጥኑ የሚወጣው የብረት ክንድ ዳዶው ላልቶ ነበር። አጥብቆ በሽቦ አሰረው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ተነሳን። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ።

ሙሉጌታ ሳንደርስ እጄ ላይ አረፈ። ሌላም አንድ ቁስለኛ፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው። በጊዜ ብንወጣ ይተርፉ ነበር ብዬ መናገር አልችልም። ግርማ ግን ያቺን ሰዓት ተኩል ዕድሜውን ሁሉ ተሸከማት። ኋላ ላፍቶ ጋራዥ ከፍቶ ሲሠራ፣ ከስር ሳያይ የመሪ ብሎን የሚነካ ሠራተኛ አብሮት አልከረመም።

ግርማ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ትቶልን የሄደው ፒክአፕ ሰሞኑን መዋለል ጀመረ። ልጃችን ቤዛ በየቀኑ ከሀና ማርያም ዕቃ የምታመላልሰው በእሱ ነው። ጎረቤታችን ሰይድ መካኒክ ነውና ግቢያችን ድረስ መጣልን። «እትዬ፣ ሳጥኑን ጠበቅ ላድርገው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። መፍቻው ብሎኗ ላይ ነበር።

«አትንካት» አልኩት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ቤዛ ዞር ብላ አየችኝ።

ጥቁር ነጠላዬን አውልቄ አስቀመጥኩ። ሰይድ «እትዬ እንጀራዬን ሊነጥቁኝ ነው» እያለ ካርቶን አነጠፈልኝ። ከስር ገባሁ። ቤዛ መሪውን ያዘች። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። በቀኝ ጎማ በኩል ያለው መገጣጠሚያ መዳፌ ውስጥ ቀጭ አለ። ሰይድም ገብቶ ነካው። ከዚያ በአዲስ ቀየረው፤ የጎማዎቹን አሰላለፍም አስተካከለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤዛ እስከ ላፍቶ ወስዳ መለሰችኝ። መሪውን በሁለት ጣት ነበር የያዘችው። የመንገዱን ግማሽ አላየሁትም፤ እያለቀስኩ ነበር።

ያን ኮረብታ ያላያችሁ ልጆች ቁጥሩን ብትጠይቁኝ እንዲህ ነው። ሰባት ጫንን። ሁለት ሞቱብን። አምስት አደረስን። ግርማ በየዓመቱ ለሁለቱ ጸሎት ያስደርግ ነበር፤ ስሙን የማናውቀውን «ያ ወንድማችን» እያለ። አምስቱን ሲቆጥር ግን ሰምቼው አላውቅም።

አሁን እኔ እቆጥርለታለሁ።