ድሪቶ ልሰፋ ወጥቼ...

«ድሪቶ?» አሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለማን አልጋ?»

«ለእማዬና ለአባዬ» አልኩ በኩራት።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ ላፍቶ። ቀበሌያችን ለወጣት ሴቶች ስፌት ያስተምር ነበር። የመጀመሪያ ሥራችን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተቀጣጠለ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ሆነ። አስተማሪያችን ስለ ጨርቁ አጥብቃ ነግራናለች... ለጀማሪ ጥጥ ነው፤ ሲታጠብ ቀለሙ የማይለቅ፣ ከእጅ የማያሟልጭ። አሮጌ የፖፕሊን ሸሚዝ ያገኘች ታደለች። ከፋይን ግን፣ ያንን ፀጉር ፀጉር ያለውን የሠርግ ጨርቅ፣ እንዳትነኩት ብላናለች።

እኛ ቤት ደግሞ አሮጌ ጨርቅ አይገኝም። እማዬ ልብስ ገና ሳይነትብ ለሰው ትሰጠዋለች። ከጎረቤት ጨው እንኳ ተበድራ አታውቅም። ሰው «ቸገራቸው» ይለናል ብላ የምትፈራውን ያህል ሞትን አትፈራም። ስለዚህ ጨርቅ ፍለጋ እትዬ ብርቄ ጋ ሄድኩ።

ድሪቶ ማለት ያጣ ሰው እላዩ ላይ እየጣፈ የሚለብሰው መሆኑ አልጠፋኝም። ግን የዚያን የአልጋ ልብስ ስም ሌላ አላውቅም... ምን ልበል ታዲያ?

«አባትሽ ሥራ ላይ ነው አይደል?» አሉኝ እትዬ ብርቄ።

«አይ፣ እቤት ተኝቷል።» አባቴ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ስለሆነ ቀን ይተኛል። ይህንን መጨመር ነበረብኝ። አልጨመርኩም። ይባስ ብዬ፣ ሳታስበው ልሰጣት ፈልጌ፣ «እማዬ እንዳትሰማ አደራ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ብርቄና እትዬ ዘይነባ ሌሎች ጎረቤቶች አስከትለው መጡ። አንዷ ዱቄት ይዛለች፣ አንዷ በዘንቢል የታጨቀ ልብስ። ተቀምጠው ይተክዙ ጀመር።

«ማን ሞተ?» አለች እማዬ ደንግጣ።

«የሞተስ የለም። ማጣት ነው፣ እሱም ያልፋል» አሉ እትዬ ብርቄ።

«የማን ማጣት?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ ብርቄ አደራዬን እዚያው አፈረሱት፤ ባልሽ ከሥራ ወጥቶ፣ ልጅሽ ለአልጋችሁ ድሪቶ ልትሰፋ ጨርቅ ስትለምን እንዴት ዝም እንላለን አሉ። እኔ የቀበሌ ስፌት ነው፣ አባዬም የሌሊት ተረኛ ነው ብዬ ብለፈልፍ ማን ይስማኝ።

እማዬ ተነስታ ሳጥኗን ከፈተችና ቀዩን የከፋይ ቀሚሷን አወጣች። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለዓመት በዓል ያላት እሱ ብቻ ነው። መቀሱን አነሳች።

«እማዬ፣ ከፋይ እኮ ለጀማሪ አይሆንም...» አልኩ።

«ዝም በይ።» ከታች ጀምራ እስከ ወገቡ ሸረከተችው። «ልጄ ጨርቅ የምትጠይቀው አጥታ ሳይሆን አማርጣ ነው» አለች፣ ቀና ብላ ሁሉንም እያየች።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ ወደ እትዬ ብርቄ ጠጋ ብለው «ያ ረቢ... ችግሩ ጭንቅላቷን ነካት» ሲሉ ሰማኋቸው።

በሳምንቱ እሁድ ሠርግ ተጠርተን ነበር። እማዬ የምትለብሰው ስላልነበራት «አሞኛል» ብላ ተኛች። ሰፈሩ ግን በሽታውን ቀድሞ አውቆታል። እትዬ ብርቄ ከሀና ማርያም በጣሳ ጠበል አስቀድተው ከች አሉ።

«ጤነኛ ነኝ፣ የምለብሰው ነው ያጣሁት» ብትል እኮ ያበቃ ነበር። እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። እሷ ግን ጣሳውን ተቀብላ ጠበሉን ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው።

ደሃ ከምትባል እብድ መባልን የመረጠች ሴት... እናቴን ብቻ ነው ያየሁት።